ሠርጋችንን ያዘገየው ክሪኬት

የኔ ጉቴ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ሞላ። ባለፈው እሑድ ሙት ዓመትህን ዘከርን። እኔ ደህና ነኝ፤ ክረምት ሲመጣ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላ የሚከፋኝ ነገር የለም። የጓሮው አጥር ብሎኬት ሆኗል። ልጃችን ሌሊሴ ከእንጭኒ ወደ አዲስ ዓለም ተዛውራ አሁንም ስፖርት ታስተምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች እኔ ጋ ታድራለች።

በዝክሩ ላይ የአጎትህ ልጅ ስለ አንተ ተናገረ። ጎጆ ከተማ ዕድሜህን ሙሉ ስላስተማርክ ሰዉ ዛሬም «ባርሲሳ ጉተማ»፣ መምህር ጉተማ እያለ እንደሚያነሳህ ነገረንና ሊቀመጥ ሲል፣ ክሪኬት ተጫዋችም ነበር አልኩ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው።

አምቦ ተማሪ ሳለህ፣ ህንዳዊው የሂሳብ መምህርህ ጠፍጣፋ ዱላና እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቀይ ኳስ ይዞ ሜዳ ይወጣ ነበር። ሌሎቹ ኳሱን ፈርተው ሲሸሹ አንተ ቀረህ። አዲስ አበባ ሥራ ስትይዝም እዚያ ከሚኖሩ ህንዶች ጋር መጫወትህን ቀጠልክ፤ ናይሮቢ ሊወዳደሩ ሲነሱም አንተን ጨምረው መረጡ። ሸሚዛችሁ ላይ «ኢትዮጵያ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከመካከላችሁ ኢትዮጵያዊው ግን አንተ ብቻ ነበርክ።

ችግሩ ጉዞው ከሠርጋችን ሳምንት ጋር መግጠሙ ነው። ቀኑ እንዲዘገይ ሽማግሌ ላክህ። አባቴ ክሪኬት የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም፤ ኳስ በዱላ መምታት ነው ሲሉት የገና ጨዋታ መሰለው። ገና ለመጫወት ኬንያ ድረስ የሚሄድ ሰው ልጄን አያገባም አለ። ጠጁ ተጥሏል፣ ዘመድ ተጠርቷል። እኔ ያኔ አባቴ ፊት ቀና ብዬ አላወራም ነበር። ያን ቀን ግን ከጓዳ ወጣሁ።

«አባባ፣ ይሂድ» አልኩት። «ቀርቶ ካገባኝ ዕድሜ ልኩን እኔን ባየ ቁጥር የቀረበትን ነው የሚያስበው።»

አባቴ ከዚያ ሽማግሌዎቹን መቼ እንደምትመለስ ጠየቃቸው።

ናይሮቢ በመጀመሪያው ጨዋታ ገና በመጀመሪያው ኳስ ተሸንፈህ ከሜዳ እንደወጣህ አልደበቅከኝም፤ እራትም ሳትበላ ተኛህ። በማግስቱ ጓደኞችህ አንድ በአንድ ሲወጡ አንተ እስከ መጨረሻው ቆምክ። ተሸነፋችሁ፤ ባለሜዳዎቹ ግን አጨበጨቡልህ። ጣትህ አብጦ መጣህና በሠርጋችን ቀን ቀለበቱ አልገባ ሲልህ ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ። አባቴም ሳቀ።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ፤ ህንዶቹ አገራቸው ገቡ፣ ቡድኑም ፈረሰ። አንተም ጎጆ በመምህርነት ተመድበህ በዚያ ብርድ እግር ኳስና ሩጫ ስታስተምር ኖርክ። የናይሮቢውን ስታነሳ ሰው ቀልድ ይመስለው ነበር፤ አንተም አብረህ ትስቃለህ። ማታ ቤት ስትገባ ግን ሳቁ አብሮህ አይገባም ነበር።

ጡረታ ወጥተህ አምቦ ከተመለስን በኋላ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመጣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ህንዶች ሜዳ ላይ ክሪኬት ሲጫወቱ አየህ። እጄን ለቀህ ሄድክ። ዱላውን ሰጡህ። የመጀመሪያውን ኳስ ሳትከው፤ ሁለተኛው ሜዳውን አልፎ የሰው ሽንኩርት መሃል ወደቀ። የት እንደተማርክ ሲጠይቁህ «እዚሁ፣ አምቦ» አልካቸው። ጉልበትህ እስኪደክም ድረስ እሑድህ ከእነሱ ጋር ሆነ። እኔም ምሳ እያቆየሁ ጠበቅኩህ፤ እንደዚያ ዘመን ደስ ብሎህ አላየሁህም።

ይህን ስጨርስ የአጎትህ ልጅ፣ «እስከዛሬ ለምን አልነገራችሁንም?» ብሎ ተቆጣ። «ነግሮህ ነበር፣ ስቀህበት ነው» አልኩት።

ሌሊሴ አንተ ያሳየሃትን ለተማሪዎቿ እያስተማረች ነው። ባለፈው ወር ሄጄ አየኋቸው። ሴቶች ልጆች ናቸው፤ ወጥታለች አልወጣችም እያሉ ሲጨቃጨቁ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። ጨዋታው ዛሬም አይገባኝም፤ ሰው ሲያጨበጭብ አብሬ አጨበጭባለሁ። ጨዋታውን ማን እንዳመጣላቸው ግን አውቃለሁና፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ስነግር እኖራለሁ።

ያንተው አስካለ