ማን መታኝ?

እሑድ፣ ኦክቶበር 5
ኳስ አለ ዛሬ። ስልሳ አንድ ዓመት፣ ጡረታ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ... ይሁን። በቱኒዚያ፣ በስፋክስ ባሕር ዳርቻ ከእኔ የሚፈጥን የቀኝ ክንፍ ካለ ይምጣ።

ያው እሑድ፣ ከሰዓት
እግሬ ትራስ ላይ ነው። ጠዋት ጓደኛዬ ራዉፍ "መጀመሪያ ትንሽ እናሟሙቅ" ሲል፣ "ሻይ ነኝ እንዴ የምሞቀው?" አልኩት። ሁሉም ሳቁ።
አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ኳሷን ላሳድድ ስፈተለክ... ጧ! ባቴን ከኋላ በርግጫ። ስዞር የእነሱ ተከላካይ ራዉፍ ቆሟል።
"አንተ ነህ የመታኸኝ!"
"ኧረ አልደረስኩብህም!"
"ታዲያ ጂኒ ነው?"
የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬን በሰው ፊት ባለጌ አልኩት። ጫማውን አንስቶ ሄደ።
ባለቤቴ ዙቤይዳ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ እያሰረችልኝ፣ "የት ነበር የቆመው?" አለች።
"አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ።"
"ርግጫውን በፖስታ ላከልህ?"
ሚስት ናት ወይስ ዳኛ?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7
ሐኪሙ፦ "ማንም አልመታዎትም። የባትዎ ጡንቻ ነው የተሰነጠቀው። ሲሰነጠቅ ሰው የመታዎት ይመስላል። ዕድሜዎ?"
"ሃምሳ..."
"ስልሳ አንድ" አለች ዙቤይዳ።
"ሳይሟሟቁ ነው የሮጡት?"
ኮርኒሱን አየሁ።
ለራዉፍ ልደውል? ነገ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9
አልደወልኩም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20
የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ኢናስ! ተማሪዬ የነበረች። ክፍል ውስጥ ስታወራ ጥግ አቆማት ነበር። ዛሬ እሷ ግድግዳ አስያዘችኝ።
"መምህር፣ በቀስታ ተረከዝዎን ያንሱ። አሥር ጊዜ።"
በሰባተኛው "ይበቃል" አልኩ።
"ካመመዎት ያቁሙ። ከሰለቸዎት ይቀጥሉ።"
ቀጠልኩ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 31
ራዉፍ ቤት ሄድኩ። በር ላይ አሥር ደቂቃ ቆሜ... ከዚያ አንኳኳሁ። ከፈተልኝና ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥን።
"ይቅርታ ልጠይቅህ ነው።"
"ጠይቅ።"
"ሐኪሙ ማንም አልመታህም አለኝ።"
"መቼ ነው ያለህ?"
"ከ... ሦስት ሳምንት በፊት።"
የሚያስወጣኝ መሰለኝ።
"ስማ አንተ ደረቅ። እንኳን ልመታህ፣ ልደርስብህም አልችልም። ጉልበቴ ሲያብጥ ሁለት ዓመቱ ነው። ሽማግሌ እንዳትሉኝ ደብቄ እንጂ።"
ሳቅን። ከዚያ ልንነሳ ስንል ሁለታችንም የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጥን። ያኔ ነው የእውነት የሳቅነው።

እሑድ፣ ዲሴምበር 14
ኢናስ ፈቀደች፦ አሥራ አምስት ደቂቃ ማሟሟቅ፣ ሃያ ደቂቃ ጨዋታ። አንድ አላፊ አግዳሚ "አባቶች፣ ልምምድ ነው ሰልፍ?" አለ። ማሟሟቄን ቀጠልኩ።
በአሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ባቴ ቆንጠጥ አደረገኝ። ያን ጊዜ ኳሷ ወደ እኔ መጣች። ከፊቴ ማንም የለም። በረኛው ወጥቷል። ሁሉም "ሩጥ! ሩጥ!"
ቆምኩ። ኳሷ አልፋኝ ባሕር ገባች። ሰደቡኝ።
በአርባ ዓመት ጨዋታ አድርጌው የማላውቀውን... እጄን አነሳሁ።
ተቀየርኩ።