አባባ የዘጉት መተንፈሻ

ውድ ወንድሜ ሮቤራ፣

እንዴት ሰንብተሃል? የኦስሎ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ሮሚስ፣ ሕፃኑስ ጤናቸው እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ የጎባ ውርጭም እንደምታውቀው ነው። ደብዳቤ ጽፌ በቴሌግራም ፎቶውን የምልክልህ ወድጄ አይደለም። በስልክ ልነግርህ ስል አባባ ይቀሙኝና «ደህና ነን፣ ማሽኑም ደህና ነው» ይሉሃል። ደህና አይደለም፤ ፈርቻለሁ።

ለእማዬ ጉልበት ብለህ የላክኸው፣ ከአየር ሙቀት እየሳበ ውሃ የሚያሞቀው ማሽን የተተከለው ዕቃ ቤት፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ፣ ገብሱ አጠገብ ነው። ቀዝቃዛ አየር ሲተነፍስ ያየች እማዬ «ምስኪን፣ በረደው» ብላ በብርድ ልብስ ጠቀለለችው! እኔም ስቄ ተውኩት፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። ማሽኑ አየር ሲያጣ ቆመ፤ በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብቻውን ቀረ። የሙቀት መቆጣጠሪያው ስለተበላሸ ደግሞ ማፍላቱን አያቆምም። የፈላው ውሃ ልጄን ሶሲን ጣቷን ለበለባት።

ወዲያው ከጎኑ ያለው መተንፈሻ ውሃ ያንጠባጥብ ጀመር። አባባ የገብሱ ጆንያ ራሰ ብለው ተቆጡ። «የልጄ ስጦታ በእንግዳ ፊት አያፈስም» ብለው መተንፈሻውን በብረት ታፖ፣ በዚያ የቧንቧ አፍ መድፈኛ፣ ጠርቅመው ዘጉት።

ከሮቤ ሳላሕዲን የሚባል ባለሙያ አስመጣሁ። ብርድ ልብሱን ገፈፈ፣ የአየር ማጣሪያውን ከገብስ እብቅ አጸዳ። ታፖውን ሲያይ ግን ፊቱ ጠቆረ። ውሃው ሲፈላ የሚተነፍሰው በዚህ ብቻ ነው፣ ከተዘጋ ፈንድቶ ግድግዳውን ይዞ ይሄዳል አለኝ። ሊፈታው ሲል አባባ «እጅህን አንሳ፣ የልጄ ዕቃ ነው!» ብለው አስወጡት። «አላህ ይጠብቃችሁ፤ ማብሪያውን አጥፊ» ብሎኝ ሄደ።

እኔ ሳጠፋ እሳቸው ያበራሉ። ብለምናቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ከአንተ ሌላ የሚሰሙት የለም። ሳይቃጠል በቅጠል፣ ታፖውን እንዲፈቱት አንተ ንገራቸው።

ሮሚን ሰላም በልልኝ፣ ሕፃኑን አገላብጠህ ሳምልኝ። ሶሲ በጨርቅ የታሰረ ጣቷን እያወዛወዘች ሰላም ብላሃለች። አባባ «ኮርቼብሃለሁ በይው» ብለዋል። እማዬም መርቃሃለች፤ አሁን ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ መታጠቢያ ቤት ስታልፍ «እጁ ይባረክ» አለች።

ጠዋት ማብሪያውን አጥፍቼው ነበር። አሁን ግን ማሽኑ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ያጉረመርማል። ልሂድ፣ እማዬን ላስወጣት። ደውልላቸው!

እህትህ ገላኔ
ጎባ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.