ከሦስት የሚጀምር ሜትር

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን ፈቀደልሽ? ዓይንሽ ፊደል መለየት ስላቃተው ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ አሁን አንቺ ዘንድ ያለችው እህቴ መሆኗን አውቃለሁ። እሷስ ደህና ናት ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ሰሞኑን ቀለል ብሎኛል።

ያ የክሊኒኩ ጋውን ጣጣ አለቀ። እሷ የራሷን ነግራሻለች፤ አሁን ደግሞ የእኔን ስሚ። አሥራ ሁለቱን ነርሶች የለካቻቸው እሷ ናት፣ በዚያ በአዲሱ ሜትሯ። ቁጥሩን ጽፋ ሰጠችኝ፤ እኔ ደግሞ አንቺ ከስፌት መኪናሽ ጋር በሰጠሽኝ አሮጌ ሜትር እየለካሁ ጨርቁን ቆረጥኩ። አሥራ ሁለቱም ደረት ላይ ጠበቡ። ዋናዋ ነርስ እንኳን በሽተኛ ላክም ለራሴም ትንፋሽ አጠረኝ አለች። እኔም ጊዜ አላጠፋሁም፤ ዞሬ በእህቴ ላይ ወረድኩባት። ልብሽ ሌላ ጋ እያለ ቁጥር ትጽፊያለሽ አልኳት። የለካሁት ልክ ነው አለች፤ አንዴ ብቻ። እኔ ግን ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ አንቺ ዘንድ መጣች።

ባለፈው ሳምንት ሦስት ሜትር ገበር ገዝቼ ቤት ስለካው አራት ሴንቲ ተርፎ አገኘሁት። ጨርቅ ሻጩን ታውቂዋለሽ፣ ሰላምታውን እንኳ ለክቶ ነው የሚሰጠው። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ያኔ ነው የሜትሩን ጫፍ ያየሁት። ከሦስት ይጀምራል! አንድና ሁለት የሉም። ጫፉ ተቆርጦ ተዘምዝሟል፤ ስፌቱ ከማማሩ የተነሳ ክሩ እንኳ አይታይም። እኔው ለክቼ እኔው ስቆርጥ ስህተቱ ራሱን ሲያጣፋ ኖሯል፤ የእሷ ሜትርና የእኔ ሜትር ሲገናኙ ጉዱ ወጣ።

የእኔን ዝምዝማት ታውቂዋለሽ፣ የሰካራም አካሄድ ነው። ቢሆንም የቆረጥኩት እኔ መሆን አለብኝ፤ ረስቼው ነው። ደግሞስ ስንት ዓመት አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ጫፉን አንድ ቀን ሳላይ፣ የእህቴን ቁጥር ለመጠርጠር ማን ቀደመኝ? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

እህቴ ይህን ስታነብ እዚህ ላይ ቀስ ትበል፤ ካስፈለገም ትድገመው፦ የለካሽው ልክ ነበር። ይቅር በይኝ። ይኸው አልኩት። እስኪወጣ ይከብዳል እንጂ ከወጣ በኋላስ እንቅልፍ ያስወስዳል።

ጋውኖቹን ብብታቸው ሥር ጨርቅ እየጨመርኩ ለቀቅ አደረግኋቸው። ዋናዋ ነርስ አሁንስ መተንፈስ ቀርቶ ማዛጋትም ይቻላል ብላ ሌላ ስምንት አዘዘችኝ። ብቻዬን አልወጣውም። በዚያ ላይ ቤቱ ጭር ብሏል፤ የምጣላው ሰው እንኳ አጣሁ።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልን፣ ምርቃትሽ አይለየን። ስለ ሜትሩ አንድም ቀን እንዳትጨነቂ፣ እንዳታነሺውም። ጥፋቱ እኔ ጋ ይቅር፤ እህቴን ግን ላኪልኝ።

ትልቋ ልጅሽ