የመለስኩልህ ሲጋር

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ደህንነቴን ሳትጠይቅ ገና በመጀመሪያው መስመር የአባዬን ፎቶ መጠየቅህ አልገረመኝም። ኮፍያ አድርጎ የትምባሆ ፒፓውን እንደያዘ የተነሳው አለ፣ እሱን ላኪልኝ ብለሃል። የአዲሱ ሲጋር ወገብ ላይ በሚጠመጠመው ወርቃማ ወረቀት ላይ ልታትመው ነው። የሱ መልክ ካለበት ዋጋው እጥፍ ይሆናል ስትል አላፈርክም፤ እንዲያውም ለእኔም ድርሻ አስበህልኛል። እግዜር ይስጥልኝ።

እስቲ ስለ ዋጋ እናውራ፣ አንተን ብሎ ባለሙያ። አባዬ የሲጋር ዋጋ ከምን እንደሚመጣ ያስተማረን መጋዘኑ ወለል ላይ አስቀምጦ ነው። ያልተቀደደ፣ ጅማቱ ያልወፈረ የትምባሆ ቅጠል ለላይኛው ልባስ ይመረጣል፤ ከመቶው አምስት ቢገኝ ነው። የተቀደደው ወደ ውስጥ ይገባል፣ የቀረው ተከትፎ ለፒፓ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ዋጋ የሚያወጣው ቅጠሉ የቆየበት ጊዜ ነበር። እያንዳንዱ የቅጠል እስር ላይ የገባበትን ቀን በጠመኔ ይጽፋል፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ማንም አይነካውም። ሱቁ ባዶ በሆነበት ዓመት እንኳ ያንን ጠመኔ አልፎ አያውቅም። እኔ ያንን ቅጠል ስጠቀልል ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ጣቶቼ እስከ ዛሬ ቡናማ ናቸው።

አንተስ? አባዬ ዓይኑ ደክሞ ቤት በዋለ በወሩ እርጥብ ጨርቅ ይዘህ መጋዘን ገባህ። በሩ ላይ ቆሜ አይቼሃለሁ። ስምንት ወር ያልሞላውን ቅጠል ቀኑን አጥፍተህ የአራት ዓመት አደረግከው። እሱ በዓመታት የሚያስረጀውን አንተ በአንድ ከሰዓት በኋላ አስረጀኸው፣ ጎበዝ። ከወለል የተጠረገውን ብናኝ ደግሞ ቫኒላ ረጭተህ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ከተህ፣ ምርጥ የፒፓ ትምባሆ አልከው። ምነው ብልህ ሳቅክብኝ።

«እትዬ፣ ሰዉ ቀድሞ የሚቀምሰው ዋጋውን ነው። ከተወደደ ጣፈጠ ይላል።»

እኔም ዝም ብዬ ጠቀለልኩልህ። ይህን ሳልናዘዝ ባልፍ ከአንተ አልሻልም። ስድስት ወር ሙሉ፣ ሲዳሰስ እንደ ሽንት ቤት የሚሰነፍጥ ጥሬ ቅጠል በነዚህ እጆች አሳምሬ ጠቀለልኩ።

ያን እሁድ አትረሳውም። አዲሱን ሲጋር በእንጨት ሳጥን ይዘህ መጣህ፤ አባዬ አልጋው ላይ ተደግፎ ነበር። ከየት እንዳመጣኸው አልነገርከውም። መጀመሪያ እንዲያደንቀው፣ ከዚያ የእኔ ሥራ ነው ልትለው ፈልገህ ነው መሰለኝ። አንዱን አንስተህ እጁ ላይ አኖርክለት። ወርቃማውን ወረቀት ማየት አልቻለም። ድምፁን ሊሰማ ጆሮው ሥር አድርጎ ጫን ጫን አደረገው፣ አሸተተው። እሳት እንኳ አልጠየቀም።

«ልጄ፣ የሸጠልህ ሰው አታሎሃል» አለህ። አልተቆጣም፤ አዘነልህ እንጂ። «ገና ጥሬ ነው። ውሰድና መልስለት፤ አትፈረው።»

አንተም ዓይንህን በጨው አጥበህ «እሺ አባዬ፣ እመልስለታለሁ» አልክ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። ሳጥኑን ይዘህ ስትወጣ እሱ ያሸተተው ሲጋር ትራሱ አጠገብ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የኖረው አሥራ አንድ ቀን ነው፤ ያንንም ልጄን አታለሉብኝ እያለ ሲብሰለሰል ጨረሰው። አንድ ቀን ጠዋት «መለሰለት?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ለአባዬ የዋሸሁት የመጨረሻው ቃል ይኸው ነው፤ ያንተን እፍረት ልሸፍን ብዬ።

ፎቶውን አታገኘውም። የምጠቀልልበትንም ጠረጴዛ ለሌላ ሰው ስጥ፤ ቢላዬን ወስጃለሁ። በፎቶው ፋንታ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያንን ሲጋር ልኬልሃለሁ። ወርቃማ ወረቀቱ አልተፈታም። ላታለለህ ሰው መልስለት ተብለህ ነበር። አንተ ስላልመለስክ እኔ መለስኩለት።

እህትህ