ጨው ቀማሹ

ታኅሣሥ 3፣ ፓሪስ
የኦፔራዬ ልምምድ። ዝናብ። ዋናው ዘፋኝ፣ ቴነሩ፣ ዛሬም ጉሮሮዬን አመመኝ አለ። ሾርባ ብቻ እየጠጣ ሰው እንዴት ይዘፍናል? ለምሳ ያቀረቡልኝ ሥጋ መረቅ ለብሶ ምንነቱ እንኳ አይለይም። የኔ ሰዎች ይሄኔ ትኩስ የበቆሎ ገንፎ ገበታው ላይ ገልብጠው... ተወው። ትልቅ የኦፔራ ደራሲ ይሉኛል። እኔ ገበሬ ነኝ።

ታኅሣሥ 7
ግዌሪኖ መጣ፣ የእርሻዬ ተቆጣጣሪ። ባለቤቴ ኦታቪያ ልካው ነው። ጫማው ላይ የአገራችን የፖ ወንዝ ጭቃ ደርቋል። እሱን ሳይ ሆዴ ባባ።
«ጌታዬ፣ ውርጩ ገብቷል። አሳማው ለእርድ ደርሷል።»
«ትንሽ ጠብቁኛ።»
«እኔስ እጠብቃለሁ። ውርጩ ይጠብቃል ወይ?»
እውነቱን ነው፤ ብርዱ ከለቀቀ ሥጋው ይበላሻል። ግን ማን ሊቀምስ? በኛ አገር ለቋሊማ ከተፈጨው ሥጋ ቆንጥሮ፣ ጠብሶ፣ «ጨው በቃው» የሚለው አባወራው ነው። እስከ ከርሞ የገበታው ራስ ላይ የሚቀመጠውም የቀመሰው ነው። አባቴ፣ ከሱ በኋላ እኔ... ሠላሳ ዓመት።
«ኦታቪያስ ምን አለች?»
«ወይ ይምጣ፣ ወይ እኔ እቀምሳለሁ ነው ያሉት።»
ሳቁን ዋጥ አደረጋት፣ ይሄ ተንኮለኛ።

ታኅሣሥ 8
የቲያትር ቤቱን ኃላፊ «ልሂድ» አልኩት። «ለአሳማ ብለው?» አለኝ። ምን ያውቃል እሱ። ግን ዘፋኞቹ ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ አንጀቴ አልቻለም። ቀረሁ።
ግዌሪኖን ባቡር ላይ አሳፈርኩት። ልቤ አብሮት ሄደ።

ታኅሣሥ 15
ዛሬ ሳያርዱ አይቀሩም። ቋሊማው የሚታሽበት የነጭ ሽንኩርቱና የወይን ጠጁ ሽታ አፍንጫዬ ላይ አለ። ምግብ አልበላ አለኝ። ቤቴ ናፈቀኝ፣ በቃ።

ታኅሣሥ 22
ኦፔራው ታየ። ቆመው አጨበጨቡ። «ምን ተሰማዎት?» አሉኝ። «ራበኝ» አልኩ። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

ጥር 2፣ ቤቴ
ገባሁ። ኦታቪያ የገበታው ራስ ላይ ናት። አልተነሳችልኝም።
«ና ተቀመጥ፣ ሰውዬ።» የድሮ ወንበሯን ጠቆመችኝ።
ቋሊማውን ቆርጣ ሰጠችኝ። ቀመስኩት። ልክ ነው... ከኔ ይሻላል።
«የኔ ጨው ይበዛ ነበር እንዴ?»
«ማታ ማታ ውሃ ፍለጋ ያስነሳን ነበር» አለች። ግዌሪኖ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ።
አኮረፍኩ። ወንበሬን ነጠቀችኝ እያልኩ ስብሰለሰል ጀርባዬን በረደኝ። በሩ አይገጥምም፤ ንፋሱ ቀጥ ብሎ እዚህ ወንበር ላይ ነው የሚያርፈው። እሳቱ አይደርስም። ካፖርት ደረብኩ፣ ወይ ፍንክች። ለካ ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ ተቀምጣ ነው የበላችው።
«ለምን አልነገርሽኝም?»
«መች ቤት ነበርክና?» አለችኝ።

ጥር 3
በሩን ስጠግን ዋልኩ። ፓሪሶች ለሌላ ኦፔራ ጠርተውኛል። ኦታቪያ ትሄዳለህ ወይ ብላ አልጠየቀችም፤ መጠየቅ ከተወች ቆይታለች። አልሄድም።