ኢልማ እስክታረጋግጥ ድረስ

ለተከበረው የ«ሰሜን በር» የስጦታ ካርድ ድርጅት፣ ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል? ስደውል «ጥሪዎ ለእኛ ውድ ነው» እያለ አርባ ደቂቃ የሚያጽናናኝን ድምፅ ጉንፋን እንዳይዘው ዘወትር እጸልያለሁ። ሬይኖ ኮስኪ እባላለሁ፤ ሚሺጋን ውስጥ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር የምኖር፣ ከእንጨት መሰንጠቂያ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ኢልማ በመስከረም አረፈች። በጥር፣ በልደቴ ቀን፣ «ከኢልማ ስጦታ ተልኮልዎታል፤ ካርዱን ሲጠቀሙበት የጻፈችልዎ መልእክት ይከፈታል» የሚል ደብዳቤ በኢሜይል ላካችሁልኝ። ለካ ታማ በተኛችበት ቀኑን ቀጥራ አዘጋጅታው ኖሯል።

ካርዱ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መግዣ ነው፤ ሐይቁ በብርድ በረዶ ሲሆን የምበሳበትን አሮጌ መሰርሰሪያ «እሱ ሳይቀብርህ ቅበረው» ትለኝ ነበርና። መሰርሰሪያው ይቅርብኝ። የምፈልገው መልእክቱን ነው። እኛ የፊንላንዳውያን ልጆች ፍቅርን በአፍ አንናገርም፤ ለምንወደው ሰው ማገዶ እንከምርለታለን እንጂ። ኢልማም በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ቃሉን አንድም ቀን አልተናገረችም፣ እኔም አልተናገርኩም። ጽፋው እንደሆነ ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።

ምስጋናዎቼ እነሆ፦

1. የካርዱን ቁጥር ሳስገባ «ላኪዋ ታረጋግጥ» ስላላችሁኝ አመሰግናለሁ። መሞቷን ከነምስክር ወረቀቱ ጻፍኩላችሁ፤ እናንተም በማግሥቱ «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን፤ ለኢልማ ማስታወሻ ልከንላታል» ብላችሁ መለሳችሁልኝ።

2. ማስታወሻው በእርግጥም ደርሷል። ስልኳን ወጥ ቤት መስኮት ላይ ቻርጀር እንደሰካሁበት ትቼዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት ይጮኽና «ኢልማ፣ ሬይኖ እየጠበቀዎት ነው» ይላል። እውነት ነው። ከዚያ ሰዓት በፊት ተላጭቼ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ መቀመጥ ጀምሬአለሁ።

3. ስሟን የማልነግራችሁ አንዲት ሠራተኛችሁ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አቶ ኮስኪ፣ ስልኳ እርስዎ ጋ አይደል እንዴ?» አለችኝ። አዎ ብላት፣ «በሉ እንግዲህ፣ እኔ ምንም አላልኩም፤ ግን ማን እንደነካው ኮምፒውተሩ አያይም» አለች። ከእናንተ ቤት ሰው ሆና ያገኘኋት እሷን ብቻ ነው።

4. ነካሁት። «እኔ ኢልማ ነኝ» የሚለውን ተጫንኩ። ከዚያ እሷ ራሷ መልሱን ያስቀመጠችለት ጥያቄ ወጣ፦ «የመጀመሪያ ፍቅረኛዎ ስም ማን ነው?» ሳቄ መጣ። ስሜን ጻፍኩ። ስህተት ነው አለኝ። የቤተሰቤን ስም ጨመርኩበት፤ አሁንም ስህተት ነው አለ፣ አንድ ሙከራም ብቻ እንደቀረኝ ነገረኝ።

ክቡራን ሆይ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ ውስጥ የማላውቀው ሰው አለ። ማገዶ ስከምር ከኋላዬ ይቆማል፤ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤታችን ስገባም ኢልማ ትቀመጥበት ከነበረው አግዳሚ ላይ አገኘዋለሁ። በከተማችን የነበሩትን የወንድ እኩዮቿን ስም በወረቀት አወጣሁ፤ ግማሾቹ ሞተዋል፣ አንዱ ደግሞ የሬሳ ሣጥኗን ከእኔ ጋር ተሸክሟል። ቃሏን ለማንበብ የሌላ ሰው ስም በገዛ እጄ መጻፍ ሊኖርብኝ ነው። ፈርቻለሁ። ስለዚህ ጥያቄውን አንሥታችሁ፣ የጻፈችውን ብቻ በወረቀት እንድትልኩልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

በስልክ ወረፋችሁ ሁልጊዜ ከሰባተኛ ተራ የማያልፈው፣ በስተርጅና የሚስቱን ስም የሰረቀው ታማኝ ደንበኛችሁ፣

ሬይኖ ኮስኪ

ከፊርማ በኋላ፦ አሁን የኢልማ ስልክ ጮኸ። «አንድ ሰው በስምዎ ሊገባ ሞክሯል። ይህን ሰው ያውቁታል?» ይላል፤ ከሥሩም «አዎ» እና «አላውቀውም» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። የሚስቴን ምስጢር የያዛችሁት እናንተ ናችሁና፣ እሷ ብትሆን የትኛውን ትጫን እንደነበር እባካችሁ ንገሩኝ።