ዘይባ ሽቦዋ ሳይፈታ፦ የዶክተር ነብዩ ገብረእግዚአብሔር የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ነብዩ ከአባታቸው ከመምህር ገብረእግዚአብሔር ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢትዮጵያ አስፋው ግንቦት 9 ቀን 1973 ዓ.ም. በቡታጅራ ከተማ ተወለዱ። ከልጅነታቸው ድንጉጥ ነበሩ፤ መርፌ ሲያዩ ሮጠው የሚያመልጡት ልጅ የጥርስ ሐኪም ይሆናሉ ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

በ1998 ዓ.ም. በጥርስ ሕክምና ተመርቀው፣ ጥርስ በሽቦ ማስተካከልንም ሠልጥነው በትውልድ ከተማቸው ክሊኒክ ከፈቱ። በ2001 ዓ.ም. ከወይዘሮ እሌኒ ታደሰ ጋር ተጋብተው ሀሴትን ወለዱ። በገበያ ቀን ከመስቃን ገጠር የሚመጡ እናቶችን ሰብስበው፣ ግግ ነው ተብሎ የሕፃን የጥርስ እምቡጥ ከድድ ተፈልቅቆ ሲወጣ ቋሚው ጥርስም አብሮ እንደሚጠፋ ያስተምሩ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የበርበሬ ነጋዴው የአቶ ሙስተፋ ልጅ ዘይባ ጥርሷ ተደራርቦ መጣች። ቦታ እንዲገኝ ከአራቱም ማዕዘን አንዳንድ ጥርስ ነቀሉላት። ለእናቶች ሁሉ የሚያነሡትን «ግግ ወጥቶላታል?» የሚል ጥያቄ ግን ለእሷ ቤተሰብ ሳያነሡ ቀሩ፤ ራጁንም በጥድፊያ ነበር ያዩት። ዘይባ በሕፃንነቷ ግግ ወጥቶላት የታችኛው ግራ ክራንቻዋ አልበቀለም፤ ቦታው ቀድሞውኑ ክፍት ስለነበር በዚያ በኩል ምንም መነቀል አልነበረበትም። ነቅለው ሲቆጥሩ ክው አሉ።

ወደ አባቷ ወጥተው፣ «ጋሼ ሙስተፋ፣ ጤነኛ ጥርስ ነቅያለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

አቶ ሙስተፋም «ወላሂ ዶክተር፣ ባትነግረኝ አላውቅም ነበር። እንግዲህ ሌላ ሐኪም አላምንም፤ አንተው ጨርስ» አሏቸው።

ያን ክፍተት ለመዝጋት የኋላ ጥርሶቿን በወር አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ ጉዞ ወደፊት መሳብ ነበረባቸው። ቢቸኩሉ ሥሩ ይጎዳል፤ ቢያቋርጡ ጥርሱ ወደኋላ ይመለሳል። በቀጠሮዋ ዋዜማ እህል አይወርድላቸውም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ሲጸናባቸው ከሞቱ ይልቅ ሳይጨርሱላት መቅረትን ፈሩ። እኛ ቅርቦቻቸውም ፊታቸውን እያየን ፈራን። ወደ ወልቂጤ፣ ወደ ባልደረባቸው ወደ ዶክተር ሽፋ እንድትሄድ ቢለምኑም፣ አቶ ሙስተፋ «ትድናለህ፣ ኢንሻአላህ» ብለው እምቢ አሉ። የሕክምና ካርዷን ብቻ ለዶክተሯ ላኩ፤ በላዩም «ቀስ በይ» ብለው ጻፉበት።

ዶክተር ነብዩ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በ43 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እናታቸውን ትተዋል። የዘይባ ሽቦ ገና አልተፈታም።

አቶ ሙስተፋ ትናንት ሐዘን ቤት መጥተው፣ ብዙ ካለቀሱ በኋላ፣ ዶክተር ሽፋ ለዘይባ የያዙላት የወልቂጤው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ወይዘሮ እሌኒን ጠየቁ። ሰኞ ነው።

የምሕረት አምላክ ሲሰጉ የኖሩትን የዶክተር ነብዩን ነፍስ ስጋት በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ብርታቱን ይስጠን። አሜን።